ሃምሳ አራት ቀን ወደ ኋላ

ረቡዕ ጠዋት ሚጢጢ ቁርስ ሳትቀምስ ከቤት ወጣች። ሹራብም አልደረበችም። ሰው ክፉ ወሬ የሚሰማበትን ቀን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ቢያንስ ሆዱን ሞልቶ፣ ትከሻውን ሸፍኖ ይወጣ ነበር። ግን ማን ያውቃል?

የምትሠራው ከከተማው ጫፍ ባለች ትንሽ እርሻ ነው። እርሻ ይባል እንጂ አፈር የለበትም። በአንድ በኩል አራት መቶ ዓሣ የሚዋኝባቸው ሁለት ትልልቅ ገንዳዎች አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ረጃጅም የውሃ መደቦች ተዘርግተዋል። በመደቦቹ ላይ በተንሳፈፈው ነጭ ፎም ቀዳዳዎች ውስጥ ሰላጣው፣ ቆስጣውና በሶብላው ሥሩን ወደ ውሃው ሰዶ ይበቅላል። ፓምፑ የዓሣውን ውሃ ወደ ተክሉ ይገፋል፤ ተክሉም ከዓሣው ቆሻሻ ተመግቦ፣ ውሃውን አጥርቶ ይመልሳል። አንዱ ያላንዱ አይኖርም። ሠራተኞቹ «እንደ ባልና ሚስት» እያሉ ሲቀልዱ ሚጢጢ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ይሞቃል።

ፊቷን የሚያሞቀው የእርሻዋ ባለቤት የእትዬ አንድ ልጅ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ኢንጂነሩ ይለዋል። ውጭ ተምሮ መጥቶ ቧንቧውን የቀጠለ፣ መደቡን የለካ፣ ምን መቼ ተዘርቶ መቼ እንደሚነቀል በትልቅ ወረቀት አስፍሮ ግድግዳ ላይ የለጠፈ እሱ ነው። እሷ ደግሞ አክስቷ የሰው ልብስ እያጠበች ያሳደገቻት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ዘር አስነሺ ናት። ሚጢጢ የተባለችው ቁመቷም አጭር፣ ሥራዋም ከዘር ፍንጣሪ ጋር ስለሆነ ነው። በየሰኞው በየስፖንጁ ላይ አንድ አንድ የሰላጣ ዘር በክብሪት እንጨት ጫፍ አንስታ ታስቀምጣለች። ሁለት ቀን ጨለማ ታለብሰዋለች። ሲፈነዳ ወደ ብርሃን ታወጣዋለች። አንድም ሰኞ አይዘለልም፤ አንድ ሰኞ ከተዘለለ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ባዶ ይሆናል።

ኢንጂነሩ በየችግኝ ትሪው በሚሰካው የፕላስቲክ ምልክት ፊት ላይ የተዘራበትንና የሚነቀልበትን ቀን ይጽፋል። በጀርባው ግን ለሷ ብቻ ይጽፋል። «ትናንት ስትስቂ ፓምፑ የቆመ መሰለኝ።» «እጅሽ የነካው ሁሉ ይበቅላል፤ እኔም ጭምር።» ሚጢጢ ትሪ ባዶ በሆነ ቁጥር ምልክቱን አጥባ የምትመልስ መስላ በጡት መያዣዋ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ቤት ትወስዳለች። አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ። «ለእማዬ እነግራታለሁ፤ ትንሽ ብቻ ታገሺኝ» ይላታል። እሷም ትታገሳለች። እትዬን የማይፈራ የለምና።

ያን ረቡዕ እትዬ ወደ ችግኝ ክፍሉ የገቡት አንዲት ሽቶዋ ከሩቅ የሚመጣ ሴት አስከትለው ነው። ሴትዮዋ ድግስ አሳማሪ ናት። በመስኮቱ በኩል መደቡ ላይ ደርሶ የቆመውን ቀይ ሰላጣና ከአጠገቡ የፈነዳውን የሚበላ አበባ አይታ እጇን በእጇ መታች።

«ውይ እትዬ! ይሄንን ነው በየጠረጴዛው መሃል የምደረድረው? እንኳን እንግዳው ሙሽሮቹም ሳይበሉት አይቀሩ!»

«ሦስት መቶ ራስ ነው። ቅዳሜ በጠዋት ተነቅሎ ይደርስሻል» አሉ እትዬ።

«ለልጅዎ ቀለበት በገዛ እጅዎ ዘርተው! እንዴት ደስ ይላል!»

«እኔ የት አውቄበት? ይቺ ናት የዘራችው። እጇ መልካም ነው።» ወደ ሚጢጢ ዞሩ። «አይደለም እንዴ፣ አንቺ ልጅ?»

ሚጢጢ ጣቷ ላይ የነበረው የበሶብላ ዘር መቼ እንደወደቀ አታውቅም። በበሩ በኩል ቀና ስትል ኢንጂነሩ ባልዲ ይዞ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አንድ ዓመት ሙሉ ያ ዓይን ከሷ ዓይን ሸሽቶ አያውቅም ነበር። አሁን ግን ቶሎ ብሎ ወደ ባልዲው አቀረቀረ። ባልዲው ውስጥ ምንም አልነበረም።

«አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ የዘራሁት» አለች። ድምፁ ከራሷ ጉሮሮ የወጣ አልመሰላትም። የወደቀውን ዘር ፍለጋ ጎንበስ አለች።

*

እንግዳዋ ስትወጣ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ሄደች።

የእነሱ አዘራር ከኋላ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ የሚነቀልበት ቀን በቀይ ይጻፋል፤ ከዚያ ተክሉ የሚፈልገው ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚዘራበት ቀን ይገኛል። ሚጢጢ ጣቷን ቅዳሜ ላይ አሳረፈች። «ቀይ ሰላጣ፣ ሦስት መቶ፣ ለሙከራ» ይላል። የእሱ ጽሕፈት ነው። ወደ ኋላ ቆጠረች። ሃምሳ አራት ቀን። ሰኞ።

ያን ሰኞ መርሳት አትችልም። በጠዋት መጥቶ ይህን መስመር ሲጽፍ አይታ ተከራክራው ነበር።

«በአንድ ቀን ሦስት መቶ? በሳምንት ሰማንያ እየነቀልን ነው እኮ የምንኖረው! ሦስት መቶ ራስ አንዴ ከወጣ ውሃውን ማን ያጠራዋል? ዓሣው ይታመማል።»

«አዲስ ሆቴል ሊሞክረን ነው» አላት። «አንቺ መላ አታጪም።»

እሷም መላ አላጣችም። ከዓሣው ምግብ ላይ ከመነቀሉ በፊት ካለው ሐሙስ ጀምሮ እንዲቀነስ፣ የሚተካው የቆስጣ ችግኝ አስቀድሞ እንዲዘራ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ እጇን ይዞ «በዚህ ሳምንት ለእማዬ እነግራታለሁ፤ በቃኝ መደበቅ» ብሏት ነበር። በደስታ እያንጎራጎረች ነው ያን ሦስት መቶ ዘር አንድ በአንድ የዘራችው።

እያንጎራጎረች!

ከዚያ ወዲህ በቀዩ ሰላጣ ምልክቶች ጀርባ ላይ አንድም ቃል ጽፎ እንደማያውቅ አሁን ትዝ አላት። ያኔ ሥራ በዝቶበት ነው ብላ ነበር። አፍቃሪ ሰው ምክንያት አያጣም፤ ለሌላው ሰው ሰበብ እየፈጠረ ይኖራል።

ዓሣ ጠባቂው ሽማግሌ በገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ምግብ ይበትናሉ። ሁሉም ጋሼ ዓሣ ይላቸዋል።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አየር ያጠረው ዓሣ መሰለ?»

«ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?»

«የቱን?»

«የቱን እንደሆነ ያውቃሉ።»

ሽማግሌው የምግቡን ጣሳ ከጉልበታቸው ላይ አወረዱ። «እንግዲህ... ሱፍ ሊለካ ሲሄድ መኪናውን ያጠብኩለት እኔ ነኝ። ሁላችንም ሰምተናል። አንቺ ደግሞ ዘሪዋ ነሽና ሳታውቂ አትቀሪም ብለን ነበር። ኋላ ላይ ስትስቂ ሳይሽ እንዳላወቅሽ ገባኝ። እህ... ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት።»

«ዝም አይነቅዝ ይሆናል ጋሼ። ሰው ግን ይነቅዛል።»

«ስደቢኝ፣ ይገባኛል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ። እኔም ከፈረሱ ጋር ቆሜ ነበር።» የሚያዝንን ሰው ዝም ብለው ማየት አይችሉምና፣ ጣሳውን አነሡ። «ይኸው ደግሞ ከነገ ጀምሮ ምግባቸውን በግማሽ ቀንሱ ብለሽ ጽፈሻል። እስቲ አሁን ለሰው ቀለበት ዓሣ ይራባል?»

ሚጢጢ ሳቅ አመለጣት። በዚያ ሰዓት መሳቅ መቻሏ ራሱ ከለቅሶው ይልቅ አንጀቷን በላው። ወደ ገንዳው ጎንበስ ብላ ዓሣዎቹ እርስ በርሳቸው እየተጋፉ ሲበሉ አየቻቸው፤ እሷን ከሚያውቁት ሁሉ ምንም ያልደበቁባት እነሱ ብቻ መሰሏት።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩ ወደሷ መጣ። ሌሎቹ ሠራተኞች መደቦቹ ባሉበት የላስቲክ ቤት ሌላኛው ጫፍ ላይ ናቸው። በሱና በሷ መካከል ቀዩ ሰላጣ የሞላበት መደብ አለ።

«ልነግርሽ ነበር» አለ።

«መቼ? ተነቅሎ ሲያልቅ?»

«እንደሱ አትበዪ። እኔ የመረጥኳት ልጅ አይደለችም። የአባቴ ጓደኛ ልጅ ናት፤ ነገሩን ቤተሰብ ነው የጨረሰው። እማዬን ታውቂያታለሽ። ምን ላድርግ?»

«እናትህን ተው። ይህንን የጻፈው ማን ነው?» ከግድግዳው ገንጥላ ያመጣችውን ወረቀት ዘረጋችለት።  «እናትህ ቀዩን እስክሪብቶ ይዘው አያውቁም። አንተ ነህ የጻፍከው። ሃምሳ አራት ቀን ወደ ኋላ ቆጥረህ፣ አንዲት ቀን ሳታዛንፍ። የሚጨነቅ ሰው እንዲህ አይቆጥርም።»

«እስከዚያ አንድ ነገር ይፈጠራል ብዬ ነበር።»

«ምን?»

«እኔ እንጃ። አንድ ነገር። ልጅቷ እምቢ ትል ይሆናል፣ ጊዜው ይራዘም ይሆናል...»

«እና እስከዚያው ሚጢጢ ትዝራ። 'ለሙከራ' ብለህ ጽፈህ! ሌላ ሰው አጣህ? ገበያ ላይ ሰላጣ ጠፋ? የገዛ ቀለበትህን በኔ እጅ ማብቀል ምን ይባላል?»

«እማዬ ናት ከኛው እርሻ ይሁን ያለችው። እምቢ ብል ለምን ትለኛለች። ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

ያን ፊት አየችው። እንደ ወትሮው ቆንጆ ነው። ጉንጩ ላይ የፎም ፍርፋሪ ተለጥፏል፤ ድሮ ቢሆን በጣቷ ታነሣለት ነበር። እጇ ከልማድ ተንቀሳቀሰ። መልሳ ሰበሰበችው።

ዙሪያውን ቃኝቶ ተጠጋት። ድምፁን ቀነሰ።

«ስሚኝ። ዛሬ ፓምፑን ብታጠፊውስ? እንደተበላሸ አድርገን። ነገ ሰላጣው ሁሉ ጠውልጎ ይገኛል። እማዬ እንዲህ ያለ ነገር በገደ ቢስነት ትተረጉመዋለች፤ ቀኑን ታራዝመዋለች። ያኔ ረጋ ብዬ እነግራታለሁ። እምልልሻለሁ።»

ሚጢጢ መጀመሪያ የሰማችው እውነት አልመሰላትም። ፓምፑ ከቆመ ሰላጣው አይደለም ቀድሞ የሚሞተው። ይህን ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። ለዓሣዎቹ አየር የሚሄድላቸው በዚያ ነው።

«ዓሣዎቹስ?»

ዓይኑን ወደ ፓምፑ መለሰ።

«አራት መቶ ነፍስ ናቸው። ሲያልቁ ደግሞ ማን አጠፋው ሲባል 'ዘሪዋ ናት' ትላለህ?»

«አልልም!»

«አትልም። ዝም ትላለህ። አንተ መቼ ብለህ ታውቃለህ?» እንባዋ አሁን መጣ፤ ግን አልጠረገችውም። «አራት መቶ ዓሣ ታፍኖ ይሙት እንጂ አንተ አፍህን አትከፍትም። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ነበር የተደገፍኩት?»

«እወድሻለሁ» አለ።

የሚያሳዝነው እውነቱን ነው። ዓይኑ ውስጥ አየችው። ይወዳታል። ፍቅሩ ግን ምንም የማያነሣ እጅ ነው። ከመወደዷ በፊት እንዲህ ብቸኛ ሆና አታውቅም።

*

አክስቷ አርብ ማታ ፊቷን አይታ «ነገ ቅሪ፣ ታምሜያለሁ በይ» ብላት ነበር። ትክክል ነበረች አክስቷ፤ ግን ማን የትልቅ ሰው ምክር ይሰማል? ሚጢጢ ቅዳሜ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ተገኘች። የዘራችውን ሌላ ሰው ያለ አግባብ ነቅሎ ውሃውን እንዲያበላሽ አልፈለገችም። ደግሞም፣ ለማንም ያልተናገረችው፣ አንድ የቀረ ተስፋ ነበራት። ሰው ፊት፣ በመጨረሻዋ ሰዓት፣ ይናገር ይሆናል።

እየነቀሉ ሥሩን እያጠቡ በሳጥን ደረደሩ። በየባዶው ቀዳዳ ወዲያው የቆስጣ ችግኝ ታስገባለች። ሁለት መቶ ሰባ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ። ኢንጂነሩ የአዲሱን ሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ሳጥን ያነሣል፤ ወደሷ አያይም። እትዬ በክብር ልብሳቸው መጥተው በመደቡ ራስጌ ቆሙ።

«ጎበዝ፣ ጎበዝ። አንድም ሥር አልተቆረጠም!»

ሚጢጢ ቀና አለች። የእጇን ውሃ በሽርጧ አበሰች። 

«እትዬ፣ ልጅዎ የሚነግርዎት ነገር አለ።»

ሁሉም እጁን ከሥራው አቆመ። ጋሼ ዓሣ ጣሳቸውን እንደያዙ ደረቁ። ፓምፑ ብቻ ያጉረመርማል።

«ምንድን ነው?» አሉ እትዬ ወደ ልጃቸው ዞረው።

ኢንጂነሩ አፉን ከፈተ። ሚጢጢ አየችው፤ ሙሉ ዓይኗን ሰጠችው። አሁን አንድ ቃል ቢወጣው ረቡዕንም፣ ሐሙስንም፣ ያን ሰኞንም እንደምትረሳ እዚያው ላይ ቆማ ለራሷ ማለች። ሞኝ ልብ! እስከ መጨረሻው ድረስ ቅናሽ ያደርጋል።

«ሰላጣው...» አለ። ወደ በሩ አየ። «ሰላጣው ፀሐይ ሳያገኘው ወደ መኪናው ይግባ ልል ነው።»

ሳጥኑን አንሥቶ ወጣ።

እትዬ ግን አልተንቀሳቀሱም። የልጃቸውን ጀርባ አዩ፤ የሚጢጢን ፊት አዩ፤ እንደገና ወደ በሩ አዩ። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ለማወቅ ብዙ አልፈጀባቸውም። የተገለበጠ ባልዲ ስበው፣ ያ ሁሉ ልብሳቸው ሳያሳስባቸው፣ ቁጭ አሉ። ሌሎቹ ሠራተኞች ነገሩ ገብቷቸው ሳጥን ሳጥናቸውን ይዘው ወጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዓመት አልፎታል፣ እትዬ።»

«ወይ ጉድ!» ግንባራቸውን ያዙ። «ወይ የኔ ጉድ! እኔ እኮ ጠይቄዋለሁ። ነገሩ ሲጀመር፣ ቃል ከመሰጠቱ በፊት፣ አስቁሜ ጠይቄዋለሁ። 'ልብህ ያረፈበት ሰው አለ ወይ? ካለ የማንም ልጅ ትሁን፣ ምንም አይኑራት፣ ንገረኝ' አልኩት። እኔ ራሴ ከምን ተነሥቼ ነው? ሳልወደው ተድሬ ያየሁትን አይቻለሁ፤ በልጄ አልደግመውም ብዬ።»

ሚጢጢ የመደቡን ጠርዝ ያዘች።

«ምን አለዎት?»

እትዬ ለመናገር አልፈለጉም። እንዳልፈለጉ ታየ። ግን የተጠየቁትን የማይመልሱ ሴት አልነበሩም።

«'ማንም የለም እማዬ' አለኝ። ይህ ሰላጣ በተዘራበት ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ወደዚህ ሊመጣ ሲል በር ላይ። ቀኑን የነገርኩትም እዚያው ነው።»

ሰኞ። ከዚያ በር ወጥቶ፣ እዚህ መጥቶ፣ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቶ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እጇን ይዞ «እነግራታለሁ።»

«አንድ ቃል በይኝ» አሉ እትዬ። እጃቸውን ዘረጉላት፤ የተፈራው እጅ ሻካራና ሞቃት ነበር። «አንድ ቃል፣ ልጄ። አሁኑኑ ሄጄ አስቆመዋለሁ። ሰው ምን ይለኛል አልልም።»

አንድ ዓመት የጠበቀችው ቃል ይኸው ነበር። ከሌላ አፍ መጣ።

«ለኔ ብለው አያስቁሙት፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ካሁን በኋላ አላገባውም። ያቺን ልጅ ግን... እሷም እንደኔ የሰው ልጅ ናት። ቀለበቱ ሳይገባ ይንገሯት። እሱ አይነግራትም።»

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሚጢጢ የመጨረሻዎቹን ሃያ ራስ ነቀለች፣ የመጨረሻዎቹን ችግኞች አስገባች፣ ሽርጧን ፈትታ አጠፈች። ጋሼ ዓሣ ከገንዳው ማዶ ጣሳቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ።

በር ላይ ስትደርስ ፀሐዩ ወጥቶ ነበር። ኢንጂነሩ በመኪናው አጠገብ ቆሞ ስሟን ጠራ፤ ሚጢጢ ሳይሆን እውነተኛ ስሟን፣ ከአክስቷና ከሱ በቀር ማንም የማይጠራውን። ድሮ ያን ስም ከሱ አፍ ስትሰማ ሥራዋን ጥላ ትዞር ነበር። አሁን ግን የሌላ ሰው ስም መሰላት፤ ሳትዞር አለፈች።

አንድ ዓመት ሙሉ እትዬን ስትፈራ ኖራለች። ድምፃቸውን በሰማች ቁጥር ስትደነግጥ፣ እግራቸውን ባየች ቁጥር ስትደበቅ፣ ከሳቸው ክፉ ጠብቆ እንዲያወጣት ስትጸልይ። የእትዬ በር ግን ተቆልፎ አያውቅም ነበር። ክፉው የመጣው ከማትጠብቀው፣ ተደግፋ ዓይኗን ከጨፈነችበት በኩል ነው። ደረቷ ውስጥ ያለው ሕመም እንኳ ወዴት ዞሮ እንደሚያለቅስ ገና አላወቀም።